ባሌን የቀበረው ዓረፍተ ነገር

ለተከበሩ የነዋሪዎች ምዝገባ ማዕከል ኃላፊ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ትእዛዙም በእናንተ ዘንድ ከሞተ ወዲህ ከሳዑዲ አልፎ አልፎ እየደወለ ደህንነቱን ይነግረኛል።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ የኮምፒውተር ምዝገባ አመሰግናለሁ። ለመመዝገብ ስቀርብ ሠራተኛዎ አቶ ወንዳወቅ ባሌ የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ ለሥራ ሳዑዲ መሄዱን ስነግራቸው «የለም» የሚለውን ሞሉ። ወዲያው ማዕከሉ በአማቴ በወይዘሮ ደብሬ ስልክ የሐዘን መግለጫ ላከ። ትእዛዙ ያለበት በረሃ ኔትወርክ ስለሌለው ደውለን ልናገኘው አልቻልንም፤ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ዘመድም ከአምደወርቅ ድረስ መጣ። በመጨረሻ ራሱ ሲደውል እናቱ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ድምፅህን ሰምቻለሁ፤ ዓይንህን እስካይ ግን ጥቁሬን አላወልቅም» አሉት።

እስከ ዛሬም አላወለቁም።

ሁለተኛ፣ አቶ ወንዳወቅ አዝነው፣ ለፕሮግራም ሠሪው ከእርስዎ ቢሮ የተጻፈለትን መመሪያ አነበቡልኝ፤ «ባል ከሌለ ሚስት የቤተሰብ ኃላፊ ሆና ትመዝገብ፤ የባልም መዝገብ ይዘጋ» ይላል። እርስዎ ርቆ የሄደውንም የሞተውንም በአንድ ቃል ጠቀለሉ፤ ፕሮግራም ሠሪው ሞት ብቻ መሰለው። አልፈርድበትም፤ የሚጠይቀው ሰው አልሰጣችሁትም።

ሦስተኛ፣ መዝገቡን ለማስከፈት ባሌ በአካል ይቅረብ ተባልኩ። እንዳይመጣ ፓስፖርቱ ጊዜው አልፏል፤ ለማሳደስ ከእናንተ የነዋሪነት ማስረጃ ይፈለጋል፤ ለሞተ ሰው ደግሞ ማስረጃ አትሰጡም። ስመዘገብ በሆዴ የነበረውን ልጃችንን ወልጄ በአባቱ ስም ላስመዝግብ ብል ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ። እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ መውጫው ጠፍቶን ቀረን።

ላመለክት ስመጣ እርስዎ «የሉም» ተባልኩ፤ እኔ በዚህ ቃል ሰው ስለማልቀብር ደግሜ መጣሁ። በትሕትና ተቀብለው «ባል ለጊዜው ከሌለ» ተብሎ እንዲታረም አዘዙልኝ። ፕሮግራም ሠሪው ታዲያ «ለጊዜው» ማለት እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቆ መልስዎን እየጠበቀ ነው፤ እኛም አብረነው እንጠብቃለን።

ለሥራዎ ብርታቱን፣ ለቃልዎ ጥራቱን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በእናንተ መዝገብ መበለት፣ በቤቴ ባለትዳር፣
የሻሽወርቅ ፋንታሁን

ማስታወሻ፦ ቀጥሎ የልጆች ክትባት በኮምፒውተር እንደሚመዘገብ ሰምቼ ደነገጥኩ። እባክዎ፣ መመሪያውን ከመላክዎ በፊት ለአንዲት እናት ያንብቡላት። ልጄ ገና በሕይወት አለ።