ከውኃ ፓምፕ የወጣው ጥቁር ቀለበት

ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ
ዛሬም ቲቸር በላይ ሥራዬን ገፍተው መለሱልኝ። ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀሁትን፣ የሳተላይት ቴሌስኮፑን። መስታወቱ ከሲሊከን ካርባይድ ይሠራል ባልኩበት ላይ ቀይ መስመር። መስታወት ከብርጭቆ ነው፣ አለቀ አሉ። ሲሊከን ካርባይድ ሴራሚክ ነው፣ ቀላልና ጠንካራ ነው ብዬ ብለፈልፍ ማን ሰምቶኝ። ማስረጃ አለኝ፦ አጎቴ ከተበላሸ የውኃ ፓምፕ ፈትቶ የሰጠኝ ጥቁር ቀለበት። ያው ሲሊከን ካርባይድ፤ ፊቱ ጥርሴን ያሳየኛል። ዞር ብለውም አላዩት። የሚያስተምሩበት ማስታወሻ እኔ ሳልወለድ የተጻፈ፣ ጠርዙ እንደ ደረቅ ቂጣ የሚፈረፈር። እሱ እንዴት ይሳሳታል?

ጥር 22፣ ሐሙስ
ስማኝ ደብተሬ። ክፍል ፊት ቆሜ ሳስረዳ፦ መስታወቱና የሚሸከመው ፍሬም ከአንድ ነገር ከተሠሩ፣ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ እኩል ይለጠጣሉ፣ እኩል ይኮማተራሉ፤ ምስሉ አይደበዝዝም። ቲቸር እጃቸውን አወናጨፉ፤ ፍሬም ከምንም ቢሆን ግድ የለም። ያኔ የመነጽራቸው አንዱ ሌንስ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሙቀት በበረታ ቁጥር ይወልቃል። ዝም ማለት ነበረብኝ።
"ቲቸር፣ ሁለቱ እኩል አልተለጠጡም።"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፍርዴ፦ እስከ ሰኞ ብርጭቆ ብዬ ካልጻፍኩ ከኤግዚቢሽኑ እሰረዛለሁ። የሁለት ወር ልፋት።
12 ሰዓት። ለአባባ ነገርኳቸው። ጡረተኛ ወታደር፣ የቲቸር የማኅበር ጓደኛ፤ ከማን ጋር እንደሚሆኑ ማወቅ ነበረብኝ። ሴራሚክ ስል የገባቸው ሲኒ ነው። "ሲኒ ሰማይ ልትሰቅዪ ነው? ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ።" ጠላት በረከተ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ
አበድኩ። ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ነበረን። አባባ ቢላ የሚስሉት ሲኒ ገልብጠው በቂጡ ነው፤ እማዬ ደግሞ ሰልችቷት ሲኒዎቿን ቆልፋለች። ቀለበቴን አነሡ። ስገባ ፊቱ በግራጫ መስመር ተዥጎርጉሯል። በአባባ ላይ ጮሄ አላውቅም፤ ዛሬ ጮህኩ።
"ምን ሆነሽ? ከሲኒ ይሻላል እኮ።" ስለቱን በአውራ ጣት እየሞከሩ።
አልቅሼ ሲወጣልኝ በሎሚ አሸሁት። መስመሩ ለቀቀ። ጭረት የለም። የተላጠው የቢላው ብረት ነው። ጥርሴ ታየኝ፤ ከኋላዬ ደግሞ የአባባ መላጣ። አጎንብሰው ያያሉ።
"ብርጭቆ ቢሆንስ?" አልኳቸው።
"ብርጭቆማ ይሄን አይችልም።" ያሉት ገባቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቅርታ የለም።

ጥር 25፣ እሑድ
ወሰንኩ። ብርጭቆ ብዬ አልጽፍም፤ ይሰርዙኝ። ነገ ቀለበቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ቢላ የሳለበት ሰው ይመስክርልኝ ብል አባባ እምቢ አሉ፤ "ከበላይ ጋር አታጣዪኝም።" ጥሩ፣ ብቻዬን።
አሁን በር ላይ ቁጭ ብለው ጫማ ይቀባሉ። ጡረተኛ ሰኞ የት ይሄዳል?
"አንቺ፣ ያንን ሲኒሽን በጨርቅ ጠቅልይው። እኔ እይዘዋለሁ።"
ሲኒ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ልንገራቸው!