ከክሊኒኩ ግድግዳ የመጣው ፎም

ሰኞ፣ ውጫሌ

የእንስሳት ክሊኒኩ ዘበኛ ይማም ዛሬ ከሥራ ታገደ።

የክትባት ክፍሉን ቅዝቃዜ እንዲይዝ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ነጭ ደረቅ ፎም ሦስት ቁራጭ ተነቅሏል። በጦርነቱ ፍሪጁ ሲወሰድ ፎሙ ተርፎ ነበር። ቁልፉ ይማም ጋ ስለሆነ «የቤት ሌባ ነው» ተባለ።

ፎሙ እኔ ቤት ነው። ሁለቱን ፈልፍዬ የአምባሰል ተራራ አድርጌያቸዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ከዱባይ ትንሽ የመጫወቻ ባቡር ከነሐዲዱ ከላከችልኝ ጀምሮ ተራራ የምሠራበት ፎም ስፈልግ ነበር። የሐይቅ ከተማ ዓሣ ነጋዴዎች የፎም ሳጥን ቀጭን ነው፤ ሲቆረጥ ይበተናል፣ ሽታውም አይለቅም። ደሴ ደግሞ ፎም ስል የፍራሽ ስፖንጅ አወጡልኝ። «አባባ፣ ይተኙበት፤ ባቡሩም ይተኛበት!» አለኝ ባለሱቁ። ባለፈው ሳምንት አሊ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሦስት ወፍራም ፎም ይዞልኝ መጣ። ጀርባቸው ላይ የግድግዳ ኖራ ነበር። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ በጋዜጣ ሥራ ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ይማም ቤት አስጠሩኝ። ቅዳሜ አውጫጭኝ ተጠርቷል፦ መንደሩ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ሳያወጣ አይነሣም። «ጽሕፈት ያንተ ነው፤ የጠፋውን ዝርዝር ጻፍልን» አሉኝ።

ይማም ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ። የመስኮት መስታወት፣ ሁለት። የመርፌ መቀቀያ፣ አንድ። ነጭ ፎም፣ ሦስት።

በሦስተኛው መስመር ግን በፎሙ ፈንታ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብዬ ጻፍኩ።

«ጻፍከው?» አለኝ። ማንበብ አይችልም። «ጻፍኩት» አልኩት።

ጀማሪ ዘጋቢ «ልዩ ልዩ» ብሎ ቢያመጣልኝ ወረቀቱን እመልስበት ነበር።

ረቡዕ

አሊን መናኸሪያ አገኘሁት። «ወላሂ ጋሼ፣ መስኮቱ ተሰብሮ ነበር፤ ጦርነቱ የጣለው ዕቃ ነው ብዬ ነው። እርስዎስ መቼ ጠየቁኝ?»

ይማም መታገዱን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ስሜን እንዳያነሱ። ባጃጇ የአጎቴ ናት፣ ይቀማኛል።»

ትቼው ወደ ቤት ተመለስኩ።

ያልተነካውን ፎም አውጥቼ አየሁት። ሁለቱ በማጣበቂያ ተያይዘው፣ ቀለም ጠጥተዋል። አይመለሱም።

ሐሙስ

ይማም መንገድ ላይ ጠራኝ። «ባቡርህ ደረሰ ወይ? እኔ ሥራ ፈትቻለሁ፤ የጣቢያ ዘበኛ አርገኝ!»

ሳቅሁ። አብሬው ሳቅሁ።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሴት ልጁን ለጋብቻ ያጩት ቤተሰቦች ወሬውን ሰምተው «ኒካሑ ትንሽ ይቆይ» ብለው ልከዋል። «ቅዳሜ ቁርአን ይዤ እምላለሁ። ሌላ ምን አለኝ?»

ምሳ አልበላሁም። እሱ ሲምል ዝርዝሩ በእኔ እጅ ሆኖ እዚያው ልቀመጥ ነው።

ዓርብ

ዝርዝሩን እንደገና ጻፍኩ። «ነጭ ፎም፣ ሦስት። አንዱ ደህና፣ ሁለቱ የተቆረጡ። ያሉት በጸሐፊው ቤት።» ከጁምዓ በኋላ ለሼህ እንድሪስ ሰጠኋቸው። አነበቡትና መለሱልኝ።

«ይህን እኔ አላነብም። ነገ ሰው ፊት ቆመህ አንተው ታነበዋለህ። ለይማም ግን አሁን ሂድና ንገረው፤ ከሰው ጋር አይስማው።»

ሄድኩ። ይማም በሩ ላይ ቆሞ እስክጨርስ ሰማኝ። አልተቆጣም።

«ማክሰኞ ጻፍኩት አልከኝ» አለ። «ልጄ ሻይ ይዛልን ስትመጣ ነበር ያልከው።»

ግባ አላለኝም።

ያልተነካውን ፎም፣ የተቆረጡትንም፣ በጆንያ አስሬ በር አጠገብ አስቀምጫለሁ። ነገ ይዤው እሄዳለሁ። ማን አመጣልህ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የአሊን ስም እናገር እንደሆነ እስካሁን አልወሰንኩም። ይማም ወደ ሥራው ይመለስ አይመለስ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ የአውጫጭኙን ቃል ሰምቶ ሰኞ ጠዋት ያሳውቃል።