ክፍት የቀረው ማዕዘን

ጥቅምት 5፣ 2004። እሑድ፣ ከሰዓት።

እማማ ሞሚና በራቸው ላይ ቆመው «አፉ በሉኝ» ሲሉ ነው ቦርሳውን ያየሁት።

ሐጅ ሊሄዱ ነው። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። እንደማንኛውም ሐጅ ተጓዥ እያንዳንዱን ሰው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እጄን ያዙ። ትከሻቸው ላይ አዲስ ነጭ የጨርቅ ቦርሳ፤ ዙሪያውን ጥቁር ሐረግ። የእኔ ሐረግ። አምስት ቅጠል፣ ጥምዝ፣ እንደገና አምስት ቅጠል። ክረምቱን ሙሉ በምሳ ሰዓቴ በቢሮ ኮምፒውተር የሣልኩት። ከሥሩ ስሜና ስልኬ ነበሩ። አሁን የሉም። በቦታቸው የአንድ የደሴ ማተሚያ ቤት ስም ታትሟል።

«አፉ ብያለሁ፣ እማማ» አልኩ። ለሳቸው ከልቤ ነው። ለቦርሳው አይደለም።

ከየት እንዳገኙት ጠየቅኩ። ልጃቸው ደሴ ገዛላቸው። ዘንድሮ ከኛ በኩል የሚሄደው ሁሉ የያዘው ይህንኑ ነው አሉኝ፣ በኩራት። የእኔ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ሰው እያለቀሰ ይሳሳማል፤ በዚያ መሀል ስለ ሥዕል ምን ይወራል?

ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ፣ ማስታወሻዬ። 


ጥቅምት 6። ቢሮ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

መብራት አለ። ኢንተርኔቱ ይጎተታል። ሐረጉን ያስቀመጥኩበት ድረ ገጽ ሻይዬ ቀዝቅዞ ካለቀ በኋላ ተከፈተ። ከዓለም ዙሪያ ነፃ ሥዕል የሚከማችበት ቦታ ነው፤ ማንም ገብቶ ይወስዳል። ስታስቀምጪ ግን ይጠይቅሻል፤ ለንግድ ቢጠቀሙበት ትፈቅጃለሽ? ሁለት ክብ ነው፤ አዎ እና አይ። «አይ» ላይ ነበር የጫንኩት። አሁንም እዚያው ነው። ውሰዱ፣ ስሜን አትቁረጡ፣ አትሽጡ። ግልጽ አይደለም?

ጠረጴዛ የምንጋራው አስናቀ፣ የደጎሎ ልጅ፣ ሲሰማ ሳቀብኝ። ድግስ ደግሰሽ በር ላይ ቆመሽ ማን ስንት ጎረሰ ትቆጥሪያለሽ አለ። ነፃ ካልሽ ነፃ ነው፤ ካልሆነ ሳጥንሽ ውስጥ ቆልፊበት። የተጋበዘ ሰው ድስቱን ተሸክሞ ወጥቶ ገበያ አይሸጥም አልኩት። ጥሩ ተናገርሽ አለና መሳቁን ቀጠለ።


እዚያው፣ ከሰዓት።

ለአስናቀ ያልነገርኩት አለ። ሐረጉ የእኔ ብቻ አይደለም። የእህቴ ነው፣ የዘሃራ።

አባ ዘንድ ቁርአን የሚቀሩ ደረሶች፣ ተማሪዎቹ፣ ሲያከትሙ ሉሓቸውን፣ ያንን የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ዙሪያውን የምታስጌጥላቸው እሷ ነበረች። በመቃ ብዕር፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም። እኔ ቀለሙን እይዛለሁ። ሁልጊዜ የታች ግራውን ማዕዘን ክፍት ትተወዋለች። ረሳሽው እላታለሁ። «የወጣው በየት ይግባ ታዲያ?» ትለኛለች። ልጅ ነበርኩ፤ ስለ ቅጠሎቹ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

አባ ለማትፈልገው ሰው ሊድሯት ሲሉ ወጣች። ጅዳ ገባች ተባለ። መጀመሪያ ላይ በአንድ ነጋዴ ሱቅ ስልክ ትደውል ነበር፤ ሮጬ እሄዳለሁ፣ ደርሼ እሰማታለሁ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አገር ቀየረ። ቁጥሩ ሞተ። ሞባይል መካነ ሰላም የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የኛን ቁጥር አታውቅም፤ የሷን አናውቅም። አባ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ስሟን አንስተው አያውቁም። እኔም በፊታቸው አላነሳም።

ታዲያ ሐረጉን ለምን በነፃ አስቀመጥኩት? ለዓለም ደግ ልሁን ብዬ? ተዪኝ። ጅዳ ኢንተርኔት አለ። ዞሮ ዞሮ ዓይኗ ቢገባ ታውቀዋለች፤ ዝቅ ብላ ስታይ ስልኬ አለ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

አሁን ደግሞ ወደ ጅዳ እየሄደ ነው። በስንት ሰው ትከሻ። ያለ ስልኬ።


ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ። ደሴ።

ትናንት ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ጉጉፍቱ ዳገት ላይ ጉሙ ከአውቶቡሱ መስኮት ውጪ ምንም አያሳይም። የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዱዓ የማደርግ መስሏቸው «አሚን» ይላሉ።

ማተሚያ ቤቱ ከመነኻሪያው ብዙ አይርቅም። ባለቤቱ ኑረዲን ይባላል፤ ወፈር ያለ፣ ጣቶቹ ቀለም የጠጡ። ጠብ ይዤ ገባሁ፤ ወንበር ሰጠኝ። ግድግዳው ላይ የእኔ ሐረግ በየዓይነቱ ተሰቅሏል። ቦርሳ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቀን መቁጠሪያ። በአንዱ መሀል መስቀል፣ በአንዱ መሀል ጨረቃ፤ ዙሪያው ያው። ያምራል። ያናደደኝ ደግሞ ማማሩ ነው።

ከድረ ገጹ ያተምኩትን ወረቀት ዘረጋሁለት። አልካደም። ከኢንተርኔት እንዳወረዱት ነገረኝ። አይሸጥም ይላል አልኩት። አዎ፣ ይላል አለ። ታዲያ ስሜ የት ሄደ? እዚህ ላይ የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ከዚያ ከወጣሁ ጀምሮ ይከነክነኛልና።

«እህቴ፣ አይሸጥም ያልሽውን ስምሽ እንዳለ ብሸጠው በራሴ ላይ መሰከርኩ ማለት ነው። ሽጠው፣ ስሜ ግን ይኑር ብትዪ ኖሮ ይኖር ነበር። ስም ስንት ቀለም ይጨርስብኛል?»

ሌባ ነህ አልኩት። ነኝ አለ፣ ሳይቆጣ። ከዚያ መልሶ ጠየቀኝ። ነጋዴ ባይሸከመው ማን ያየው ነበር? መካነ ሰላም ኮምፒውተር ውስጥ ተኝቶ እነማን አዩልሽ? ያዩትን ሰዎች ቁጥር ድረ ገጹ ይጽፈዋል። አውቀዋለሁ። አልነገርኩትም፤ ያሳፍራል። መሳቢያውን ከፍቶ ገንዘብ ሊሰጠኝ ሲል አልነካም አልኩ። እልህ ነው። ደመወዜን ታውቂዋለሽ።

ልወጣ ስነሳ ነው የታች ግራውን ማዕዘን ያየሁት። ዘግተውታል። በቦርሳው ላይ፣ በካርዱ ላይ፣ በሁሉም ላይ፣ ልክ እንደ ሌሎቹ ሦስቱ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ሠራተኛ ስህተት መስሎት እንዳስተካከለው ኑረዲን ነገረኝ። ጎበዝ ልጅ ነው አለኝ ደግሞ።

ስለ ስሜ አላለቀስኩም። እዚህ ላይ ግን አለቀስኩ፣ ሰው ፊት። ኑረዲን ግራ ገብቶት ሻይ አስመጣ። አብሽሪ ይላል፣ አይዞሽ። ምን እንደሆነ አልገባውም። እኔም አላስረዳሁትም።


ጥቅምት 13፣ ሰኞ።

ተመልሻለሁ። አስናቀ ምን አደረግሽው አለኝ። ምንም። ደርሶ መልስ ለሻይ? አዎ፣ ለሻይ።

ድረ ገጹን ከፍቼ «አዎ» ላይ ብጫን ሌባውን አፉ ማለት ነው። ሰርቀህ ስታበቃ ፈቀድኩልህ። አይሆንም። «አይ» ላይ ብተወው ደግሞ ነገም ሌላ ሰው ያወርደዋል፣ ስሜን ይቆርጣል፣ ይሸጣል። ክልከላዬ ያስቀረው ሽያጩን አይደለም። ያስቀረው ስሜን ነው። ይህን አስቤ ተናደድኩ። ከኑረዲን ጋር መስማማት አልፈልግም።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።


ጥቅምት 26። አረፋ።

አገር ሁሉ ገባ። ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከአፋር። የየቤቱ በር ላይ የማላውቀው ጫማ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በሁለት እጅ ይዘው ከሳህ፣ ከሳሽ ይላሉ። ለአረፋ ያልገባ ሰው ባሕር ማዶ ነው፣ ወይም ሞቷል።

በግ ታረደ። አባ ሥጋውን ሲያከፋፍሉ አንድ ድርሻ ለብቻ አስቀመጡ። በየዓመቱ ያስቀምጣሉ። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲመሽ ለመጣ መንገደኛ ይሰጣል።

ሁሉም ሲጫወት ገብቼ ሉሑን ከግድግዳ አወረድኩት። የመጨረሻውን፣ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረውን። ጣቴን በሐረጉ ላይ አስኬድኩ፤ እስከ ክፍቱ ማዕዘን። እንጨቱ እዚያ ጋ ለስላሳ ነው። ድምጿን ላስታውስ ሞከርኩ። ሳቋ መጣልኝ። ቀለም ስደፋ እንዴት እንደምታየኝ መጣልኝ። ድምጿ አልመጣም።

ዛሬ እዚያም አረፋ ነው። የማንን ቤት እያጠበች ይሆን?

ናፍቆት የሚቀንስ ነገር ነው ያሉኝ ሰዎች የናፈቁት ምን ይሆን?


ኅዳር 11። ማታ።

እማማ ሞሚና ገቡ። ልንጠይቃቸው ከአባ ጋር ሄድን። ቤቱ ሙሉ ነው። ዘምዘም አስቀመሱን፣ ቴምር። ቦርሳው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ነጩ አድፏል። ላለማየት በሩን አያለሁ።

ስለ ሰዉ ብዛት ያወራሉ፣ ስለ ሙቀቱ፣ አብሯቸው የሄደው ልጃቸው ጠፍቶባቸው ስለ መገኘቱ። ሰው ይስቃል። ከዚያ፣ እንደ ቀልድ፣ ስለ ቦርሳው አነሱ። ስንመለስ አሉ፣ ጅዳ፣ አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ፣ ወለል የምታጸዳ ሴት መጥረጊያዋን አቁማ መጣች። ፊቷ ተሸፍኗል፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። በአማርኛ ሰላም አለችኝ። ቦርሳውን ልይ ብላ ያዘችው። ጣቷን በሐረጉ ላይ እንዲህ እንዲህ አደረገች። ማን ሠራው አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ልጄ ጽሑፉን አነበበላት፣ የደሴ ማተሚያ ቤት ነው አላት።

ከዚያስ አልኩ።

ከዚያማ እዚህ ታች ስትደርስ ቆመች። አሳዩን፣ ቦርሳውን አውርደው። የታች ግራው ማዕዘን። ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም እንደሚል ሰው፣ ቦርሳውን መለሰችልኝ። ተጠራች፣ ሄደች።

ቁመቷስ? ድምጿስ? እጇስ? እማማ ሞሚና ፊቴን ሲያዩ ነው የገባቸው። ዘሃራን የሚያውቋት በልጅነቷ ነው። «ወየው ልጄ፣ የኔ ዓይን ምን ያያል» አሉ። ወሎዬ ትመስላለች፤ ከዚህ በላይ አላውቅም አሉ። እኔስ በስንብቱ ቀን ሐረጉ የእኔ ነው ብያቸው ቢሆን ኖሮ?

 የአባ መቁጠሪያ ቆመ። ዱዓ ሳያደርጉ ተነስተው ወጡ። ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

እሷ ላትሆን ትችላለች። አውቃለሁ። ጅዳ ስንት ሐበሻ አለ። ስንቷ መጥረጊያ ይዛለች። እሷ ላትሆን ትችላለች።

ጣቷ ግን እዚያ ላይ ቆመ።


ኅዳር 13። ከሱብሒ ሶላት በኋላ።

አባ ጠሩኝ። ደረሶቹ ገና አልመጡም። ኮምፒውተር አይወዱም፤ ስለ ሐረጉ ነግሬያቸው አላውቅም። ሁሉንም ያውቁ ኖሯል። በዚህ ከተማ ምን ይደበቃል?

አይሸጥ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። አዎ አልኩ፣ አገጬን ቀና አድርጌ። ለምን? የእጃችን ሥራ ስለሆነ፣ ነጋዴ እንዳይበላበት።  ከዚያ ስለ ኢጃዛ አነሱ፤ ደረሳ ትምህርቱን ሲጨርስ መምህሩ አስተምር ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ። ስንቱ ከሳቸው ወስዶ ሄዷል፤ አጅባር ያለ አለ፣ ደሴ ያለ አለ። በዚያ የሚተዳደር አለ፣ ልጅ የሚያሳድግ አለ።

«አትብላበት ብዬ የከለከልኩት የለም» አሉ። «ከማን እንደቀራ ሳይናገር የሚያስቀራ ግን እኔ ዘንድ አልቀራም።»

ነጋዴው ሌባ ነው አባ አልኩ። ሌባ ነው አሉ። እሱን ለአላህ ተዪው፤ አንቺ ግን በሩን ዘግተሽ ነው መንገደኛ የምትጠብቂው። ተቆጣሁ። ያወጣትን በር የዘጋው ማን ነው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት።

ልወጣ ስል ከኋላዬ፦

«ስምሽን ስትጽፊ የዘሃራን አስቀድሚ።»

ዘሃራ። ከሳቸው አፍ። ዞሬ አላየኋቸውም፤ እንዳያፍሩ። እደጅ ቆሜ ደረሶቹ እስኪመጡ አለቀስኩ።


ኅዳር 14፣ ሐሙስ። ቢሮ።

ኢንተርኔቱ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሎ አሁን መጣ። ገጹን ከፈትኩ። ሐረጉን ከሉሑ ላይ እንዳለ አድርጌ እንደገና ጫንኩት፤ ማዕዘኑ ክፍት። «አዎ» ላይ ተጫንኩ። አስናቀ ከትከሻዬ በላይ ያያል። ድግሱን ለቀቅሽው? አለ። ለቀቅኩት፣ ድስቱንም ጨምሬ አልኩት። ይህን ጊዜ አልሳቀም። ከሥሩ የጻፍኩትን አነበበና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

የጻፍኩት፦ ይህን ሐረግ መጀመሪያ የሠራችው ዘሃራ ናት፣ የመካነ ሰላም። ከሷ ተቀብላ በኮምፒውተር የሣለችው እህቷ ሐያት ናት። ስልኬ ይኸው። ውሰዱት፣ ሽጡት፣ ብሉበት። ስማችንንና ስልኩን አትቁረጡ። የታች ግራውን ማዕዘን አትዝጉ፤ ስህተት አይደለም።

ኑረዲን ጋ ደወልኩ። አነበብኩለት። ለሚቀጥለው ሐጅ እንደተጻፈው አትማለሁ አለ። አላመንኩትም። ሄጄ አያለሁ አልኩት። ነይ አለ፣ ሻይ አለ።

ይሽጡት እንግዲህ። በቦርሳ፣ በካርድ፣ በፈለጉት። ጅዳ ድረስ የሚያደርሰው ነጋዴ ከሆነ ነጋዴ ያድርሰው፤ ይክበርበት፣ ግድ የለኝም። መጀመሪያ የተቆጣሁበት ይህ ነበር፤ አሁን አይደለም። ስሟን ቆርጦ የሚልከውን ግን፣ ያንን ማዕዘን የሚዘጋውን ግን፣ የደሴም ይሁን የጅዳ፣ ባያውቅም እንኳ፣ ሐጅ ሊሄድ ደጄ ላይ ቆሞ እጄን ቢይዝም እንኳ፣ ከእንግዲህ አፉ አልልም።