በሃያ አንደኛው ቀን የተቀዳ ደም

ቢቸና፣ ሐሙስ ኅዳር 12

ዛሬ የሆርሞን ምርመራ ውጤቴን ይዤ ሞጣ ሄድኩ። ባለፈው ወር፣ የወር አበባዬ በመጣ በሃያ አንደኛው ቀን እዚሁ ቢቸና ደም ሰጥቼ፣ እንቁላል ሲወጣ የሚጨምረው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮኔ፣ ዝቅተኛ ስለሆነ "እንቁላል አልወጣም" ተብዬ ነበር። አማቴ ይህን ሰምተው ለንስሐ አባታችን ሳይቀር መካን ናት ብለው ነገሩ። ልጃቸው ሌላ ሴት እንዲያገባም መከሩት።

የሞጣዋ ሐኪም ወረቀቱን አይታ "የወር አበባሽ በስንት ቀን ይመጣል?" አለችኝ።

"አንዳንዴ በአርባ፣ አንዳንዴ በሃምሳ።"

"ታዲያ ሃያ አንድን ምን አመጣው? እሱ በየሃያ ስምንት ቀኑ ለሚመጣላት ነው። ያንቺ የሚለካው ቀጣዩ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያን ቀን አስቀድመን ስለማናውቀው፣ እስኪመጣ ድረስ በየሳምንቱ ደም ትሰጫለሽ።"

የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ይህን ሳልጠይቅ መቅረቴ አናደደኝ።

ቤት እንደገባሁ ለአማቴ ነገርኳቸው።

"አሁን ደግሞ ደሙ ዋሸ ልትዪን ነው?"

"ደሙ አልዋሸም እማማ። ያለቀኑ ነው የተቀዳው። ለንስሐ አባታችን እንደነገሩ፣ አሁንም ሄደው ያርሙልኝ።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ንስሐ አባታችን ሄዱ።

ካልኩት ፈቀቅ አልልም። ግን ሐኪሟ እንቁላል ይወጣል አላለችኝም። ገና አይታወቅም ነው ያለችኝ። ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም።