ሦስት መንደር ለሦስት ሲካፈል

ለታላቅ ወንድሜ ለኤሊቤርቶ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የሸንኮራ እርሻው ሙቀት አላስመረረህም? የሚበላ ነገርስ ይሰጧችኋል ወይ? እኛ ከናፍቆትህና ከአንድ መዓት በቀር ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

መዓቱ ምን መሰለህ፣ አንድ ኩባንያ ወንዛችንን ሊገድብ መጥቷል። ከተገደበ በቆሏችንም፣ ቤታችንም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ውሃ ሥር ይገባሉ። ሕዝቡ ይወስን ተባለና ሦስቱም መንደሮች በየፊናቸው ተሰብስበው እጅ አወጡ። እኛ ዘንድ ይገደብ ያለው አሥር በመቶ ብቻ ነው። ተመስገን ብዬ ባቄላዬን ጣድኩ። በነጋታው የሦስቱም መንደር ሹም ዶን ኒካሲዮ ስልሳ በመቶው ሕዝብ ይገደብ ብሏል ብሎ አወጀልን። ኧረ በማርያም! ስልሳው ከየት መጣ?

ከዚያ ወዲያ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ዶን ኒካሲዮ አዲስ ቦቲ ተጫምቷል፤ ጠረጠርኩት። እጅ ቆጣሪው ሰውዬ ዓይኑ አያይለትም፤ እሱንም ጠረጠርኩት። ሁለቱንም እጁን ያወጣ ሰው ይኖራል ብዬ ጎረቤቶቼን ሁሉ በጎሪጥ አየኋቸው። ባሌ ቴኦዶሲዮ "አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ደግሞ ዶሮዋን ክንፍሽን አንስተሻል ብለሽ ትይዣታለሽ" እያለ ይስቅብኛል። እሱም ሳቁን አበዛውና አላማረኝም።

አላስችል ብሎኝ ወደ ላይኞቹ መንደሮች ወጥቼ ቤት ለቤት ጠየቅኩ። ለካ እውነት ነው። ላ ክሩሲታ ከሃያ ሰው አሥራ ስምንቱ፣ ማለትም ዘጠና በመቶው፣ ይገደብ ብሏል። ኤል ፔርኮል ደግሞ ከሃያው አሥራ ስድስቱ፣ ሰማንያ በመቶው። መብራት ይገባላችኋል ተብለዋል፤ አልፈርድባቸውም። ማንም አልዋሸም፤ ይበልጥ ያስፈራኝም ይሄው ነው።

በቀጥታ ዶን ኒካሲዮ ቤት ሄድኩ። ምንም ሳያፍር "አሥር፣ ዘጠና፣ ሰማንያ፤ ደመርኩና ለሦስት አካፈልኩ። ምን አጠፋሁ?" አለኝ። እኔም ጮህኩ። "የኛ መንደር ሦስት መቶ ሰው ነው እኮ! እነሱ ሃያ ሃያ ናቸው! ሰዉን ቢቆጥሩ ከሦስት መቶ አርባው ይገደብ ያለው ስልሳ አራት ብቻ ነው" አልኩት። የላ ክሩሲታዋ ዶኛ ሴሳሪያ እዚያው ተቀምጣ ኖሯል። "ቆይ እስቲ ኦዲሊያ" አለችኝ፣ "የጋራውን መንገድ ስንጠርግ ሲሶውን የሚጠርገው ማነው? የኛ ሃያ ሰው! ያኔ መንደር ከመንደር እኩል ነው ያላችሁት እናንተው ናችሁ። ዛሬ ወንዙ ሲመጣ ራስ መቁጠር አማራችሁ?"

ጋሼ፣ እውነቷን ነው፤ አፈርኩ። በመጨረሻ ግን መንገዱ በሰው ቁጥር የሚጠረግ ከሆነ ወንዙም በሰው ቁጥር ይቆጠር አለች፤ ዶን ኒካሲዮም ሁላችሁ ከተስማማችሁ አዲሱን ቁጥር ለኩባንያው እልካለሁ አለ። በደስታ እየሮጥኩ ወርጄ ለመንደሩ ተናገርኩ። መጀመሪያ እንቢ ያለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኔው ቴኦዶሲዮ! "የላይኞቹ ተንኮል ነው፤ ዶማ አስይዘው ወገባችንን ሊሰብሩት ነው" አለ። ግማሹ ሰው ተከተለው።

እልህ ያዘኝና ከሰኞ ጀምሮ የላ ክሩሲታን የመንገድ ድርሻ ብቻዬን በገጀራ እየጠረግኩ ነው። ላይ ያሉት ምን ልትሰርቅ መጣች ይላሉ። የኛዎቹ ደግሞ ኩባንያው ምን ሰጥቷት ነው ይላሉ። ትናንት ባሌም እጄ ላይ ያለውን ቁስል አይቶ ለማን እንደምሠራ ጠየቀኝ። የፊታችን እሁድ ካልተስማማን ስልሳው ማኅተም ተመትቶበት ለኩባንያው ይላካል።

ቴኦዶሲዮ ሰላም ብሎሃል፣ ለወጉ ያህል። ልጆቼ አጎታችን መቼ ይመጣል እያሉ እጅህን ይስማሉ። አክስታችን ኢርሜሊንዳም በብዙ ናፍቃሃለች። እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ የአባዬን አጥንት ወዴት እናዛውረው ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

እህትህ ኦዲሊያ

ሎስ ኤንሲኒቶስ፣ ጓቲማላ
እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2014