ባዶውን የሚመለስ ሳህን

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1964 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጠሩ፤ ሠላሳ አራት ዓመትም አንሶላ ሲያጥቡ፣ ሲተኩሱና ሲያጥፉ ኖሩ። በ1968 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከሰው የመጣ ሳህን ከእርሳቸው ቤት ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ሾርባ ይዞ የመጣ ዳቦ ይዞ ይሄዳል። ሰፈሩም «እማማ ሙሉ ሳህን» አላቸው። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው፣ «እማማ፣ እርስዎን መርዳትም አይቻል!» እያለ ሲተርባቸው፣ «ባዶ እጅ ያሳፍራል፣ አንተ!» ይሉት ነበር። ለእግዚአብሔርም እንዲሁ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጸሎት ቤቱን ወለል ሲወለውሉ፣ ለምሕረቱ ምላሽ የሚሰጡ ይመስላቸው ነበር።

ባለቤታቸውን በ2009 ዓ.ም. ቀበሩ። አምና ደግሞ በደም ግፊት ሳቢያ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሳህኑ ግን መምጣቱን አላቆመም፤ ወጥ ቤቱ በሰው ዕቃ ሞላ። ነገር ሁሉ በክፉ የሚያልቅ የሚመስላት ትልቋ ልጃቸው በየክዳኑ ስም ልትጽፍ ብትሞክርም፣ ማን የቱን እንዳመጣ ተምታታባት። ከዚያ የባሰው የእናቷ ልቅሶ ነበር።

«በዚህ ባዶ እጅ እግዚአብሔር ፊት እንዴት እቆማለሁ?» ይሉ ነበር።

እናቷ እንዲህ እንደ ፈሩ እንዳይሞቱባት ልጅቷ ሰጋች።

አንድ ቀን ጫማ ሰፊው ሾርባ ይዞ መጣና በልተው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያም ያልታጠበውን ሳህን ብብቱ ስር ሸጎጠ። «ዛሬ አሸነፍኩዎት፣ እማማ!»

እናታችን ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። ማታውን ልጃቸውን ጠርተው፣ «ሁሉንም ባዶውን መልሺ። እኔንም ባዶዬን ይቀበለኛል» አሏት።

ይህ እምነት ይሁን ድካም ልጃቸው እስከ ዛሬ አልገባትም። ትናንት እንኳ የሰው አፍ ፈርታ ሁለት ሳህን ላይ ዳቦ ሞልታ ነበር፤ መልሳ አወጣችው።

እናታችን ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል። ባዶ እጅ የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን በጸጋው ይቀበል።

ሳህኖቹ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የማን የማን እንደሆነ አልለየንምና ሁላችሁም የራሳችሁን ውሰዱ። ታጥበዋል። ባዶ ናቸው።