በባዶ ክፍል ስለሚሠራው አየር ማቀዝቀዣ እና ከሥራ ስለተሰናበተችው ልጄ

በባሕሩ ዳርቻ ላለው ትልቁ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣

የተከበሩ ጌታዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ ሰግቼ ነው። እኔ ከሆቴሉ አጥር ጀርባ የምኖር፣ ሚስቴን የቀበርኩ፣ እናንተ ዘንድ ክፍል ታጸዳ የነበረችው ልጅ አባት ነኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያደረግሁት ዘበኛዎ ከበር ስለመለሰኝ ነው፤ እሱም ታዞ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ብዙ አልተማርኩም፤ ቢሆንም ለሰው አላስጻፍኩም፣ ቅሬታው የራሴ ከሆነ ፊደሉም የራሴ ይሁን ብዬ።

1ኛ. በየክፍሉ ግድግዳ ላይ «ሲወጡ ካርዱን ይንቀሉ፤ ኃይል እንቆጥብ» የሚል ጽሑፍ ስለለጠፋችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በሩ አጠገብ የሚሰካው ካርድ ሲነቀል መብራቱም ማቀዝቀዣውም ይጠፋል። እንግዳው ባሕር ሲወርድ ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋበት ደግሞ ሁለተኛ ካርድ ትሰጡታላችሁ። ሰው የሌለበት አልጋ እንዳይሞቀው ታስቦለታል፤ ይህም መስተንግዶ ነውና ምን ይባላል።

2ኛ. የዳርቻው አምፖሎች በጠራራ ፀሐይ ይበራሉ። ፀሐይዋ ብቻዋን ከበዳት ተብሎ ከሆነ ስላገዛችኋት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ኃይል ስላነሰ ነው፣ ታገሡ ይሉናል፤ ታግሠናል።

3ኛ. ልጄ። ይህቺ ልጅ የተጻፈ ነገር ታምናለች፤ ከእኔ የወረሰችው ነው። እንደ እኔ ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ሰው፣ ያን ያህል ደክሞ ያነበበው ነገር ለይምሰል የተጻፈ ነው ብሎ አያስብም። እናም ክፍሉን ጠርጋ፣ አንሶላውን አንጥፋ ስትወጣ ካርዱን ትነቅል ነበር። አንዱ እንግዳ ከዋና ሲመለስ ክፍሉ ሞቆ ቢያገኘው ጮኸ። እርስዎም ልጄን አስጠርተው ማን እንዳዘዛት ጠየቋት። ግድግዳውን አሳየችዎ። በዚያው ቀን አሰናበቷት፤ ግድግዳው ግን እስካሁን በሥራው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተነስታ ትለባብስና አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች። ያለቀሰ የለም፤ እናቷ የሞተች ጊዜ ጨርሰነው ይሆናል። ሌላ ሆቴል ብትጠይቅ ለምን ወጣሽ ይሏታል፤ እሷ ደግሞ መዋሸት ስለማትችልበት እዚያም አትቀጠርም። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሥራዋ ይመልሱልኝ። መጥታ ይቅርታ ትጠይቃለች ብለው ግን እንዳይጠብቁ፤ እኔው ራሴ አልሰዳትም።

ለሰፊው ትዕግሥትዎ፣ ለቀዝቃዛው ቢሮዎና አንባቢ ላጣው ግድግዳዎ ያለኝን ታላቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣

ከአጥሩ ጀርባ ያለሁት ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ በሆቴሉ መግቢያ በሰቀላችሁት ትልቅ የኃይል ቁጠባ ማስታወቂያ ላይ፣ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ፈገግ ብላ መብራት ስታጠፋ የምትታየው ልጄ ናት። እሷን መመለስ ካልሆነልዎ ማስታወቂያውን አስወርደው ይላኩልኝ። ቤታችን ጠባብ ቢሆንም እኔ ቦታ አላጣለትም፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።